ቲቸር እስቲ እና ከአጥር ያመለጠችው ነጥብ

ሒሳብ ሲማር ያላለቀሰ ሰው ካለ እጁን ያውጣ! የለም አይደል? እንግዲያው ቀረብ በሉና ስሙኝ፣ ስለ አንዲት የሒሳብ አስተማሪ ላጫውታችሁ ነው። «ሒሳብ ለሁሉም አይሆንም» የሚል ሰው ከመሃላችሁ ካለ ግን ከወዲሁ ተነሥቶ ይሂድልኝ፣ ከእንዲህ ዓይነቱ ጋር ስጨቃጨቅ ዕድሜዬ አልቋል።

ሴትዮዋን በስሟ የሚጠራት ባሏ ብቻ ነው። ለተቀረው ዓለም «ቲቸር እስቲ» ናት። ምክንያቱም ተማሪ ምንም ብሎ ቢጠይቃት መልሷ ያው ነው። «ቲቸር፣ ልክ ነኝ?» «እስቲ።» «ቲቸር፣ መልሱ ስንት ነው?» «እስቲ ሞክረው።» «ቲቸር፣ ሽንት ቤት ልሂድ?» ሲሏት እንኳ «እስቲ…» ብላ ትጀምርና ራሷ በራሷ ትስቃለች። አጠር ደልደል ያለች፣ ፈጣን እርምጃ ያላት፣ ጥቁር ሹራቧ ከቾክ ብናኝ ተለይቶ የማያውቅ ሴት ናት። ዘጠነኛ ክፍል ነው የምታስተምረው። አሥረኛ ቢሰጧት አትፈልግም፣ አሥራ ሁለተኛ ቢሰጧት አትፈልግም። «ዘጠነኛ ክፍል ልጅ ገና ማፈር አልጀመረም፤ ያልገባውን አልገባኝም ይላል» ትላለች። እነዚያን ልጆች እንደ ዓይኗ ብሌን ነው የምታያቸው።

ድሮ እንዲህ አልነበረችም። ድሮማ እንደማንኛውም የሒሳብ አስተማሪ ሰሌዳውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ትሞላለች፣ ታጠፋለች፣ ደግሞ ትሞላለች። ድምፅ ሲሰጣት ደግሞ ለጉድ ነው! ከእሷ ሦስት ክፍል ርቆ የሚያስተምረው የታሪክ መምህር «የእኔ ልጆች ከታሪኩ ይልቅ ያንቺን ፎርሙላ ሸመደዱት» እያለ ሲከሳት ኖሯል። ታዲያ አንድ ዓመት ጉሮሮዋ ታመመና ድምጿ ጥርቅም ብሎ ተዘጋ። ሐኪሙ «ወር ሙሉ አንዲት ቃል እንዳትተነፍሺ» አላት። ፈቃድ ውሰጂ ቢሏት እምቢ አለች፤ ግትር ናት። ያለ ድምፅ ክፍል ገባች።

ሰሌዳው ላይ አንድ ሥዕል ሣለች፣ ከጎኑ የጥያቄ ምልክት አደረገችና ቆመች። ልጆቹ ጠበቁ። እሷም ጠበቀች። አስተማሪ ዝም ሲል ክፍል ውስጥ ምን እንደሚሆን መቼም ታውቃላችሁ፤ መጀመሪያ ሹክሹክታ፣ ቀጥሎ ሳቅ። ከዚያ አንዱ ከኋላ «ይሄኛው ከዚያኛው ጋር እኩል አይደለም እንዴ?» አለ። አንዷ «ኧረ ወዲያ! ከየት አመጣኸው?» አለችው። ክፍሉ ለሁለት ተከፍሎ ተሟገተ። መምህርቷ ልታርማቸው አፏን ብትከፍት ድምፅ የለም! ምን ታድርግ፣ እጇን አጣጥፋ ማዳመጥ ሆነ ሥራዋ። ደወሉ ሲደወል ልጆቹ እሷ ዓመት በመጣ ቁጥር ጉሮሮዋ እስኪሰነጠቅ የምታስረዳውን ነገር ራሳቸው አግኝተውት፣ ገና እየተጨቃጨቁ ወጡ። እሷ ባዶው ክፍል ውስጥ ዴስክ ላይ ቁጭ አለችና ያለ ድምፅ ሳቀች፣ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች።

ድምጿ ሲመለስ ሰው ሁሉ «እንኳን ተሻለሽ» አላት፣ ከባሏ በቀር። ባሏ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፣ ቀልደኛ ነው። «ወይ ያቺ ወር! እንደ ሕልም አለፈች» እያለ እስከ ዛሬ ያላግጥባታል። እሷ ግን ድምጿን ዳግመኛ ክፍል ውስጥ አላባከነችውም። ጥያቄ ይዛ ትገባለች፣ ጥያቄውን ትጥላለች፣ ከዚያ ዳር ትይዛለች።

በተለይ ዓርብ። ዓርብ ዓርብ ልጆቹን ወደ ሜዳ ታወጣለች። ገመድ ይጎትታሉ፣ ጥላ ይለካሉ፣ ድንጋይ ይደረድራሉ። ገመዱ የባሏ ነው፤ ጭነት የሚያስርበት ገመድ ከመኪናው እየጠፋ ዘጠነኛ ክፍል ይገኛል። የዓርብን ጥያቄ በተመለከተ ደግሞ አንድ የራሷ ሕግ አላት፤ ጓደኞቿ አስተማሪዎች «ይቺ ሴት ለይቶላታል» ያሉባት ሕግ ነው። የዓርብን ጥያቄ አስቀድማ አትሠራውም! ለምን ብትሏት «ልጅ መጽሐፍ ከማንበቡ በፊት የአስተማሪ ፊት ማንበብ ይችላል» ትላችኋለች። እውነቷን ነው። ልጁ «ስምንት ነው?» ይላል፤ የአስተማሪዋ ቅንድብ ትንሽ ከፍ ካለ «አይ፣ ዘጠኝ ለማለት ነው» ይላል። ሒሳቡን ሳይሆን እሷን ነው የሚሠራው። አስተማሪዋ ራሷ መልሱን ካላወቀችው ግን ከፊቷ ላይ ማን ምን ያነባል? ልጆቹ በበኩላቸው ይሄን ነገር አምነውላት አያውቁም። «ቲቸር ታውቀዋለች፤ አውቃ ነው የምትደብቀን» ይላሉ።

አሁን ወደ ቧንቧው ልምጣ። የትምህርት ቤቱ ቧንቧ ዝጎ ዝጎ አንድ ቀን ከነግንዱ ወደቀ። ዳይሬክተሩ አዲስ ቧንቧ እንደሚተከል ሲናገር ጉድ ፈላ። ሜዳው ዳር ሦስት ቤቶች አሉ፤ በአንደኛው ጫፍ የዘጠነኞች ክፍል፣ በሌላኛው ጫፍ ላቦራቶሪው፣ በመሃል ደግሞ ትንሽ ወደ ኋላ ገባ ብሎ ቤተ መጻሕፍቱ። ሦስቱም «ወደ እኛ ይተከል!» አሉ። በዕረፍት ሰዓት ሌላ ወሬ ጠፋ። መምህርቷ ይሄን ስትሰማ ደስ አላት። ሰው ሲጣላ ደስ ይላታል ማለቴ አይደለም፤ ጥያቄ ሲወለድ ግን ታውቃለች።

«እስቲ» አለቻቸው በዚያ ሳምንት ዓርብ፣ «ለጊዜው ላቦራቶሪውን ተዉት። ከእኛ በርና ከቤተ መጻሕፍቱ በር እኩል የሚርቅ ቦታ ፈልጉ።» ከየበሩ ገመድ ሳቡ፤ ገመዶቹ በየክንዱ ቋጠሮ አላቸው። ሁለቱን ገመድ ወጥሮ እኩል ቋጠሮ ላይ የያዘ ልጅ እዚያው ይቆማል። መጀመሪያ የቆመው ሬዲዮ ነው። ሬዲዮ ያሉት ጠዋት ከተከፈተ ማታ ስለማይዘጋ ነው። «አገኘሁ! መሃል ላይ ነው፣ አለቀ!» አለ።

«ሌላ የለም?» አለች መምህርቷ።

«ወፍ የለም! መሃል አንድ ነው።»

አንዲት ልጅ ምንም ሳትናገር ገመዶቿን ይዛ ወደ ሜዳው ዘለቀች። ይቺን «ጭጭ» ነው የሚሏት፤ ከሬዲዮ ጋር ስትተያይ ማን ስሙን እንዳወጣላቸው ይገባችኋል። ራቅ ብላ ወጠረች፣ ቋጠሮ ቆጠረች፣ እኩል ሆነ፣ ቆመች። ሬዲዮ አፉን ከፈተ። ከዚያማ ማን ያቆማቸው! አንዱ ከጭጭ ፊት፣ አንዱ ከጭጭ ኋላ፣ ሁሉም የራሱን ቦታ እያገኘ ቆመ። ማንም ተሰለፉ አላላቸውም። ድንገት አንዷ ዘወር ብላ አየችና «እናንተ! ተሰልፈናል እኮ!» ብላ ጮኸች። እውነትም ከሬዲዮ ጀምሮ እስከ መጨረሻው ልጅ እንደ ገመድ የቀና ሰልፍ ሠርተዋል። ያን ጊዜ የተነሣውን ጩኸት የሰማ ጎል ገባ እንጂ ሒሳብ ገባ አይልም።

ችግሩ ጩኸቱን ዳይሬክተሩም መስማቱ ነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ፈሪ ነው። ወላጆች አቤት ብለውበታል። አንድ ልብስ ሰፊ አባት ቢሮው ድረስ መጥቶ «ልጄን ሒሳብ ተማሪ ብዬ ብልካት አቧራ ለብሳ፣ ገመድ ተሸክማ ትመጣለች። ደብተሯ እንደሆን እንደ ዛሬ የተገዛ ነው!» ብሎ ጮኾበት ሄዷል። ስለዚህ መምህርቷን አስጠራት።

«የሚቀጥለው ዓርብ ሱፐርቫይዘሯ መጥተው ትምህርትዎን ያያሉ» አላት። «እሳቸው ጥሩ ካሉ፣ ጥሩ። ካላሉ ግን ከሚቀጥለው ሴሚስተር ጀምሮ ዘጠነኛ ክፍልን ለሌላ ሰው እሰጣለሁ። እርስዎ ቤተ መጻሕፍት ይገባሉ። ቅር እንዳይልዎት።»

ቅር እንዳይልዎት! ሰው ልቡን ነቅለው እየወሰዱበት ቅር እንዳይለው! መምህርቷ «እሺ» ብላ ወጣች፤ ሌላ ምን ትበል። መጽሐፍ አትጠላም፤ ዝምታ ነው የማትችለው። መንገዱን ሁሉ ያን ሰልፍ እያሰበች፣ ሌላ ሰው ገብቶ «ደብተር አውጡ፣ ገልብጡ» ሲላቸው እየታያት፣ እንባዋን እየዋጠች ቤቷ ገባች።

ማታ ሳህን ስታጥብ ባሏ እያደረቀ «ታዲያ ለዚች አንድ ቀን እንኳ መልሱን ሠርተሽ ግቢያ» አላት። «ማን ያይሻል? ሕጉን ያወጣሽው አንቺ፣ የምታፈርሺውም አንቺ።»

«ልጆቹ ያውቁብኛል።»

«ኧረ እኔ ሃያ ዓመት አብሬሽ ኖሬ አንዳንዴ ምን እንደምታስቢ አላውቅም!»

«አንተ ዘጠነኛ ክፍል አይደለህማ» አለችው፤ እሱም ሳቀ፣ እሷም ሳትወድ በግድ ፈገግ አለች። ቢሆንም ሐሙስ ከሰዓት እርሳስና ወረቀት አውጥታ የሜዳውን ሥዕል ጀመረች። አንድ በር ሣለች። ሁለተኛውን ሣለች። ሦስተኛው ላይ እርሳሱን ወረወረችው። «ደግሞ የት ሊሆን! ሜዳው መሃል ነዋ» አለችና ወረቀቱን ቀዳ ጣለችው።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። እሷም ነገ ሜዳው ላይ ምን አፍስሳ እንደምትለቅም ገና አላወቀችም።

ዓርብ ጠዋት ሱፐርቫይዘሯ መጡ። ጡረታ ለመውጣት ጥቂት የቀራቸው፣ መነጽራቸውን በሰንሰለት አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ፣ ጫማቸው የሚያብረቀርቅ ሴትዮ ናቸው። ከኋላ ዴስክ ላይ ተቀመጡና ወረቀታቸውን ዘረጉ። ዳይሬክተሩም ከጎናቸው ተሸጎጠ። መምህርቷ ሰሌዳው ላይ «ከሦስቱም በሮች እኩል የሚርቅ ቦታ የት ነው?» ብላ ጻፈች። ከዚያ ቾኩን አስቀመጠች።

«እስቲ» አለች።

ክፍሉ ብድግ ብሎ በበሩ ወጣ። ሱፐርቫይዘሯ ቀኑን ጽፈው ቀና ቢሉ ከዳይሬክተሩ በቀር ማንም የለም።

«ትምህርቱ አለቀ እንዴ?» አሉ።

«አይ… መጀመሩ ነው» አለ ዳይሬክተሩ አንገቱን ደፍቶ።

ተከትለው ወጡ። ልጆቹ ሥራቸውን ያውቃሉ፤ ግማሾቹ ያለፈውን ዓርብ ሰልፍ ሠሩ፣ ግማሾቹ ከቤተ መጻሕፍቱና ከላቦራቶሪው በር ገመድ ስበው ሁለተኛ ሰልፍ ሠሩ። «ሁለቱ ሰልፎች የሚገናኙበት ቦታ ከሦስቱም እኩል ነው!» ብሎ ሬዲዮ ለሱፐርቫይዘሯ ሳይጠየቅ አስረዳ። ሱፐርቫይዘሯ ራሳቸውን ነቀነቁና አንድ ነገር ጻፉ። መምህርቷ ልቧ ሞቀ።

ሰልፎቹ እየረዘሙ፣ እየተቀራረቡ ሜዳውን አቋረጡ። ከኋላ ያለው ልጅ እየሮጠ ከፊት ይቆማል፣ ደግሞ ቀጣዩ። መሃል ሜዳ ደረሱ፤ አልተገናኙም። መሃል ሜዳን አለፉ፤ አልተገናኙም። ሬዲዮ ከአንደኛው ሰልፍ ፊት፣ ጭጭ ከሁለተኛው ፊት ሆነው ሲገፉ ሲገፉ የሬዲዮ አፍንጫ የሽቦ አጥሩን ነካ።

«ቲቸር! አጥር!»

በሁለቱ መካከል ገና መኪና የሚያሳልፍ ክፍተት አለ። ልጆቹ ሁሉ ወደ መምህርቷ ዞሩ።

መምህርቷ ክው አለች። «ተሳስታችኋል፣ እንደገና ለኩ» ብትል እኮ ማንም አያውቅባትም፤ ሲለኩ ደወል ይደወልና ትተርፋለች። ዳይሬክተሩ ጆሮዋ ሥር መጥቶ «እባክዎ አንድ ነገር ይበሉ!» ይላል። ሱፐርቫይዘሯ መነጽራቸውን ዓይናቸው ላይ ሰኩ።

«መምህርት፣ መልሱ የት ነው?»

«አላውቅም» አለች።

«አያውቁም?»

«አስቀድሜ አልሠራሁትም። ሜዳው መሃል ይሆናል ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ መሰለኝ።»

ዳይሬክተሩ ግንባሩን ያዘ። ሱፐርቫይዘሯ ጻፉ፣ ደግሞ ብዙ ጻፉ። መምህርቷ በልቧ «በቃ፣ ቤተ መጻሕፍት» አለች፤ ዘጠነኛ ክፍልን ያን ሰዓት ተሰናበተችው።

ልጆቹ ግን ሌላ ነገር ነው የሰሙት። እርስ በርስ ተያዩ። «እውነትም አታውቀውም!» አለ ሬዲዮ፣ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በሹክሹክታ። እስከዛሬ የተደበቀባቸውን ዕቃ ሲፈልጉ የኖሩ ልጆች ዕቃውን ማንም እንዳልደበቀው፣ ማንም አይቶት እንደማያውቅ ሲገባቸው አያችሁ? ዓይናቸው በራ። አንዱ «እንደገና እንለካ!» አለ፤ ሮጠው ለኩ። ያው ነው። አንዷ «ቋጠሮው ተዛብቶ ይሆናል!» አለች፤ ቋጠሮውን በክንዳቸው ፈተሹ። ያው ነው። ሬዲዮ «እንግዲያው እንዲህ ዓይነት ቦታ የለም ማለት ነው» አለ።

ጭጭ አጥሩን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ውጭ ታያለች። «መስመሮቹ አልቆሙም እኮ» አለች ቀስ ብላ። «እኛ ነን የቆምነው። ቦታው ውጭ ነው።»

ሜዳው ተናወጠ።

«እንውጣ! ቲቸር እንውጣ!»

«በትምህርት ሰዓት ከግቢ መውጣት ክልክል ነው!» አለ ዳይሬክተሩ፤ መቼም የሚያውቃት ሕግ ያቺ ናት።

ከአጥሩ ማዶ ጎማ የሚጠግን የአንድ ጎሚስታ ግቢ ነው። ጎሚስታው የተነፈሰ ጎማ ላይ ተቀምጦ ከጥዋት ጀምሮ ይሄን ትርዒት ሥራውን ጥሎ ያያል። «ጋሼ! ጋሼ፣ እባክዎ ይርዱን!» አሉት። «ምን ልሁን?» ሲል የሦስቱን በር ገመድ ጫፍ በአጥሩ ላይ ወረወሩለት። ገመዱ አጠረ፤ ሌላ ቀጠሉበት። ጎሚስታው ሦስቱንም ጨበጠ፤ ልጆቹ አጥሩ ላይ ተሰቅለው ያዝዙታል።

«ትንሽ ወደ ቀኝ! የላቦራቶሪው ረገበ!»

«ወደ ኋላ ጋሼ! ሦስቱንም ይወጥሩ!»

«እናንተ ልጆች፣ ዓሣ ነው የምታጠምዱት እኔን ነው?» ይላል፣ ግን ይሄዳል። ቋጠሮ ይቆጥራል፤ አንዱ ይበልጣል፤ ፈቀቅ ይላል፤ ሌላው ያንሳል። ሲል ሲል «እኩል! ሦስቱም እኩል!» ብሎ ጮኸ፣ ወዲያውም «ወይኔ እግሬን!» አለ።

«ምን ሆኑ ጋሼ?»

«በርሜሌ ውስጥ ገባሁ!»

ጎማ ነክሮ ቀዳዳ የሚፈልግበት ግማሽ በርሜል ነው፤ አንድ እግሩ እስከ ጉልበቱ ውሃ ውስጥ ቆሟል። የቧንቧውን ቦታ ሲፈልጉ ውሃ አገኙ! ልጆቹ መሬት ላይ ተንከባለሉ። ዳይሬክተሩ ሳቁን ሊውጥ ቢሞክር ትን አለው። መምህርቷም ጭንቀቷን ሁሉ ረስታ ሆዷን ይዛ ሳቀች።

ሳቁ በረድ ሲል ጭጭ ተንበርክካ አፈሩ ላይ በጣቷ ሦስት ነጥብ ጫረች። «ለምን ወጣ ግን?» አለች። ይቺ ልጅ በዓመቱ ውስጥ የተናገረችውን ያን ቀን በአንድ ሰዓት ተናገረችው። ከበቧት። «ቤተ መጻሕፍቱ ወደ ኋላ ብዙ አልገባም፤ ከሁለቱ ጋር የሚሠራው ማዕዘን በጣም የተከፈተ ነው። ለዚህ ነው። የመሃሉን ነጥብ ወደ ኋላ ብንወስደውስ?» ወሰዱት፣ መስመር ጫሩ፤ የሚገናኙበት ቦታ ቀረበ። ደግሞ ወሰዱት፤ ደግሞ ቀረበ። «ማዕዘኑ ሲጠብ ወደ ውስጥ ይገባል!» አለ አንዱ። «ልክ ቀጥ ያለ ማዕዘን ሲሆንስ?» አለች አንዷ፤ የደብተር ጥግ አስቀምጠው ሞከሩት። የመገናኛው ቦታ ከሁለቱ ዳር ነጥቦች እኩል መሃል ላይ፣ መስመሩ ላይ ቁጭ! «ውይ!» አሉ ሁሉም ባንድ አፍ። ማንም አልነገራቸውም። የትም አላነበቡም።

ያን ጊዜ ከበላያቸው አንድ ድምፅ «ሦስቱ በሮች በአንድ ቀጥ ያለ መስመር ላይ ቢሆኑስ?» አለ። ቀና ቢሉ ሱፐርቫይዘሯ ናቸው። ወረቀታቸውን ለዳይሬክተሩ አስይዘውታል።

ልጆቹ አፈሩ ላይ ተደፉ። ሱፐርቫይዘሯም በዚያ በሚያብረቀርቅ ጫማቸው አቧራው ላይ ቁጢጥ አሉ። «አይገናኙም!» አለ ሬዲዮ። «ለዘላለም አይገናኙም! ሁለቱ ሰልፎች ጎን ለጎን ይሄዳሉ!»

«እርግጠኛ ነህ?» አሉ ሱፐርቫይዘሯ፣ ፊታቸውን ጭምድድ አድርገው። ሬዲዮ ፊታቸውን አላየም፤ መሬቱን ነው ያየው። «ይኸው! ይዩት!» አላቸው።

ደወሉ ተደወለ፤ የሰማው የለም። ዳይሬክተሩ «እና ቧንቧውን ጎሚስታው ቤት ልትከለው ነው?» ሲል «እኩል ነው ያልነው እንጂ ቅርብ ነው መቼ አልን!» ብለው ሳቁበት። ወዲያው «ለማንም ሩቅ የማይሆነው ቦታስ የት ነው?» የሚል አዲስ ጭቅጭቅ ይዘው ወደ ክፍላቸው ተመሙ። ጎሚስታው ካልሲውን እየጨመቀ ቀረ።

ከዚያ ቢሮ። መምህርቷ እጇ አፈር በአፈር እንደሆነ ቆመች። ሳቁ አልቋል፤ አሁን ፍርዱ ነው። ሱፐርቫይዘሯ ወረቀታቸውን አንሥተው ማንበብ ጀመሩ።

«መምህርቷ የጥያቄውን መልስ አታውቅም ነበር።»

ዳይሬክተሩ ተነፈሰ። መምህርቷ ወለሉን አየች።

«አለማወቋንም በተማሪዎቿ ፊት ተናገረች። ስለዚህ ማወቅ በተማሪዎቹ ላይ ወደቀ። አወቁ።» ገጹን ገለበጡ። «በሥራ ዘመኔ ብዙ አዋቂ አስተማሪ አይቻለሁ። ደወል የማይሰማ ተማሪ ግን ዛሬ ገና አየሁ። ይህችን መምህርት ከዘጠነኛ ክፍል ማንሣት ጥፋት ነው።» ወረቀቱን ለዳይሬክተሩ ሰጡና ወደ እሷ ዞሩ። «እህቴ፣ የሚቀጥለው ዓርብ ሥራ የለኝም። ብመጣ ቅር ይልሻል?»

መምህርቷ «ኧረ በደስታ» ልትል ብትፈልግ እንደዚያ እንደ ድሮው ወር ድምጿ እምቢ አላት። አንገቷን ብቻ ነቀነቀች። ዳይሬክተሩ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበና «እንግዲህ… ቀጥሉ» አለ፤ እሱ ደግሞ ከልቡ የተገላገለ ይመስላል።

ኮሪደሩ ላይ ስትወጣ ደረጃው ላይ ቁጭ አለችና እንባዋን ለቀቀችው። የደስታ ነው፣ ግን እንባ እንባ ነው። ልጆቹ ባዲሱ ጭቅጭቅ ሊያስዳኟት ሲመጡ እንዲያ ሆና አገኟት። ድንግጥ አሉ።

«ቲቸር! ምን ሆኑ?» አለ ሬዲዮ።

«ምንም አልሆንኩ። ከእናንተ ሊወስዱኝ ነበር፤ አሁን ቀረ።»

«ማን ነው የሚወስድዎት? ከመቼ ጀምሮ?»

«ሳምንት ሆነው። በዛሬው ትምህርት ነበር የሚወሰነው።»

ጭጭ ቀርባ ደረጃው ላይ አጠገቧ ተቀመጠች። ተቆጥታለች፤ ያቺ ልጅ ስትቆጣ ያያት የለም።

«ሳምንት ሙሉ እንደዚህ የሚያህል ጥያቄ ይዘው ብቻዎን ከረሙ?» አለቻት። «ምነው ለእኛ ሳይሰጡን? አብረን እንሠራው ነበር እኮ!»

መምህርቷ አፈር በነካው እጇ ልጅቷን ሳብ አድርጋ አቀፈቻት፣ ሌሎቹም መጥተው ደረጃው ላይ በላይ በላይዋ ተቆለሉ።